የጀልባዋ ሆድ ሳይበሳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያለውም ይስማኝ። ወሬዬ የሚነሣው ከስታዲየም ነው፤ ተመልሶ የሚገባውም እዚያው ነው። መሀሉ ላይ ግን ጣና ድረስ ወስጄ እመልሳችኋለሁ።

ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። ከስታዲየሙ ዙሪያ ሱቆች ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። የከተማው ባቡር በድልድዩ ላይ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት የብሎን ጣሳዎች ይንቀጫቀጫሉ። ራዲዮ እንጠግናለን፣ አምፕሊፋየር እንጠግናለን፣ የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ እንጠግናለን። ባለሙያው አጎቴ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም ጋሼ ይላቸዋል፤ ስማቸውን ለራሳቸው እንተውላቸው። እኔ መበየጃ አቀባይ፣ ካቻቢቴ ፈላጊ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ካርቶን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐይ የመታው ፊት ነው፤ መዳፉ በገመድ የሻከረ። «ጋሼ፣ እርስዎ የባሕር ሰው ነዎት አሉኝ» አለ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። «ማን አለህ?» ሲሉት፣ «ለገሃር ስጠይቅ ነው የነገሩኝ» አላቸው።

ይሄ አይግረማችሁ። ወደብ የሌላት አገራችን የመርከቦቿን ሥራ የምትመራው ከዚያው ከለገሃር ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ቆሟል። ስታዲየምና ለገሃር ላይ ባሕር ያየ ሰው ፈልጎ ማጣት የለም፤ አንዱ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሌላው ጋዜጣ አዟሪው ዘንድ ታገኙታላችሁ። ጋሼም እንደዚያው ነበሩ፤ የባሕር ኃይል ሰው።

ባሕር ኃይላችን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። አሜሪካኖች የሰጡን፣ «ኢትዮጵያ» ተብላ የተሰየመችው ትልቋ መርከብ እጃችን የገባችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1962። በዚያው ወር፣ ከሱቃችን ግድግዳ ማዶ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ጋሼ ሁለቱን ነገሮች ለያይተው አውርተው አያውቁም። ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ጎረምሳ ሲሆኑ በዚያችው መርከብ ተሳፈሩ። ሥራቸው ማዳመጥ ነበር፤ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ከመርከቧ ሥር ያለውን ባሕር ሲሰሙ ያድራሉ። ታመው ተሰናብተው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ አገሯንም ዳግመኛ አላየችም። ስለዚህ ነገር ጋሼን ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸውም አላነሡልኝም።

ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ጎልማሳው ጣና ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ ባለጀልባ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለት ዕቃ ነው፦ ትልቅ ስልክ የሚያክል ስክሪን፣ ጥቅል ኬብል፣ ከኬብሉ ጫፍ ላይ ደግሞ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህል ጥቁር ክብ ነገር። ጥልቀት መለኪያ ነው። ጥቁሯ ክብ ሴንሰሩ ናት።

«ሁለት ቦታ አሳየሁ» አለ ባለጀልባው። «ሁለቱም ጋ የጀልባዋን ወለል በስታችሁ ሴንሰሩን ወደ ውኃው አውጡት አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ የጀልባዬን ሆድ መሰርሰሪያ አላስነካም። ዳሩ ደግሞ ሳላስገባውም አልመለስም።»

«ለምን?» አሉ ጋሼ።

ያኔ ነው የአባቱን ነገር የነገረን። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ጣና ከዚያ በፊት ተመዝግቦ በማያውቅ ሁኔታ ጎደለ። የጨረጨራ የውኃ በር ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውኃ እየተመጠነ ወደ ዓባይ ይለቀቃል፤ የዚያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ ከድቶ ነበር። የሐይቁ ፊት ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ከሚለው ልክ ወረደ፤ ከዚያ ልክ በታች ትልልቆቹ መርከቦች መሄድ አይችሉም። አራት ወር ያህል ቆሙ። ትንንሾቹ ግን ሠርተው ማደር ነበረባቸው። የባለጀልባው አባት ዕድሜ ልኩን ያለፈበትን መንገድ ይዞ ሲመለስ፣ አንድም ቀን ያልነካው ድንጋይ የጀልባውን ሥር ገመሰው። ሰው አልሞተም። ጀልባው ግን ሞተ፤ አባትየውም ከዚያ በኋላ ሌላ አልገዛም።

«ድንጋዩ ድሮም እዚያው ነበር» አለ ባለጀልባው። «ውኃው ነው የሄደው።»

ጋሼ ሴንሰሯን አንሥተው በመዳፋቸው መዘኗት። በዚያው ቅጽበት ከስታዲየሙ ጩኸት ተነሣ፤ ጎል ገብቷል። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ይኼን ጩኸት ካዛንቺስ ያለ ሰው መቼ ይሰማዋል?»

ዝም አልን።

«አራት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ። ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ነው የሚሄደው። ከተማው ሁሉ ውኃ ቢሆን ኖሮ ግን አንድ ሴኮንድ አይፈጅበትም ነበር፤ ውኃ ውስጥ ወደ 1,480 ሜትር ይሄዳል። አሁን ይኼ ዕቃ ገደል ማሚቶ ጠሪ ማለት ነው። ልጅ ሆነህ ገደል አፋፍ ላይ ጮኸህ ታውቃለህ? ድምፅህ ቶሎ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ይቺ ሴንሰር አፍም ጆሮም ናት። ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች፣ ታዳምጣለች። ስክሪኑ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አስልቶ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ደርሶ መልስ ነዋ!»

ጩኸቷን እኛ አንሰማውም። ውስጧ ያለው ልዩ ሸክላ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሴኮንድ እስከ 200,000 ጊዜ ይርገበገባል፣ የተመለሰው ድምፅ ሲያርገበግበው ደግሞ መልሶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ አይሰማም። የነገሩ አጀማመርም ያሳዝናል፤ ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰጠመች በኋላ አሌክሳንደር ቤም የሚባል ጀርመናዊ የበረዶ ተራራን በድምፅ ላግኝ ብሎ ተነሣ። በረዶው እንዳሰበው አልመለሰለትም። የባሕሩ ወለል ግን መለሰ፤ ቤምም እ.ኤ.አ. በ1913 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

«ጀልባህ ምንድን ናት?» አሉ ጋሼ። «ብረት? እንጨት?»

«ፋይበር።»

«እንግዲያስ አትበሳም» አሉ። «ከውስጥ ሆና በሆዷ በኩል ትጮኻለች።»

ይህን ሲናገሩ የነበራቸው ፊት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሠላሳ ዓመት ሞንታርቦ የጠገኑ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኑ። በማግስቱ ሱቁን ዘግተን፣ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ፣ ሴጌቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አሴቶን፣ ሲሊኮን፣ ቱምቢና ከመርካቶ የገዛነውን ሁለት ጠርሙስ የጉሎ ዘይት ጠቅልለን አውቶቡስ ተሳፈርን። ዘይቱን የሸጠችልን ሴት ለጠጉር መስሏት ነበር፤ ጋሼን እያየች «ለሴት ልጅዎ ነው?» አለቻቸው። «ለጀልባ ነው» አሏት። መልስ አጥታ ዝም አለች።

ባሕር ዳር የደረስነው ምሽት ላይ ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር ነበርን፤ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት ጣና እንደ ተወለወለ ምጣድ ነው። ጀልባዋ ነጭ ናት፤ ጎኗ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተሰምሯል። ከውኃ አላወጣናትም። ይሄ አሠራር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የሚሠራው ከውስጥ ስለሆነ ጀልባዋ እየተንሳፈፈች ይሠራል።

ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለውን የወለል ክዳን አነሡ። ከዚያ ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አወጡ። እኔ ለሆነ ነገር የሚከፍሉ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብለው የጀልባዋን ሆድ በሳንቲሙ ጠርዝ መምታት ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወደ ግራ ሄዱ። ዱብ፣ ዱብ። ወደ ኋላ መለስ አሉ። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ሰማህ? ዱብ የሚለው ጋ በሁለት ፋይበር መሀል ስፖንጅ አለ። ጀልባ ሠሪዎች ወለሉ እንዲቀልና እንዲጠነክር ያስገቡታል። ስፖንጅ ማለት አየር ነው። ለዚች ሴንሰር አየር ግድግዳ ነው፤ ጩኸቷ አየር ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ይመጣባታል። እንጨትም እንደዚያው፤ ሆዱ ሁሉ አየር ነው። ብረትም ጩኸቷን አያሳልፍላትም። ቀጭ የሚለው ድፍን ፋይበር ብቻ ነው የሚያሳልፋት።»

ቀጭ የሚል ቦታ ሁሉ ግን ቦታ አይደለም። በሚሄድ ጀልባ ሥር ውኃው በየቦታው አንድ አይደለም፤ ከፊት የተሰነጠቀው ውኃ አረፋ ይዞ ይመጣል፤ አረፋ ደግሞ ያው አየር ነው። ወደ ፊት በጣም ከሄዳችሁ ጀልባዋ ስትፈጥን አፍንጫዋ ከውኃ ይወጣል። ወደ ኋላ በጣም ከሄዳችሁ የፕሮፔለሩ ሁካታ አለ። ስለዚህ ከኋላ በኩል፣ እንደ አከርካሪ ከወጣው መሀለኛ መስመር ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ውኃው ለስልሶ የሚያልፍበትን ፈልጉ።

እንዴት ይፈለጋል? በፌስታል! እውነቴን ነው። ጋሼ ፌስታል ውስጥ ውኃ ሞሉ፣ ሴንሰሯን ከተቱ፣ አየሩን ጨምቀው አወጡና አፉን በኬብሉ ዙሪያ አሠሩት። የጀልባዋን ወለል በውኃ አራሱ፤ ፌስታሉን እላዩ ላይ አስቀምጠው ተጫኑት። ውኃው ሴንሰሯንና ጀልባዋን ያገናኛል። ባለጀልባው በድንጋይ በታሰረ ሲባጎ ከጎን ለካ፦ 2 ሜትር ከ40። ስክሪኑ 2.1 አለ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትሯ ሴንሰሯ ራሷ ከውኃው ፊት በታች የተቀመጠችበት ነው፤ ኋላ በስክሪኑ ላይ ትሞላለች።

ከዚያ ሞተር አስነሥተን ሞከርን። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ፍጥነት ስንጨምር ቁጥሩ ጠፋ። ሁለተኛው ላይ ዘለለ፤ 4፣ 11፣ 3። ሦስተኛው፣ በስተቀኝ ከአከርካሪው አንድ ስንዝር ርቆ ያለው፣ ፈጥነንም ቀስ ብለንም ረጋ። ጋሼ በእርሳስ አከበቡት።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ሴንሰሩን በኢፖክሲ አጣብቆ ይገላገላል። የተለመደው መንገድ እሱ ነው፤ በእርጋታ ከተሠራ መልካም ነው። ኢፖክሲው አየር እንዳይቋጥር በቀስታ ይማሰላል፣ ሴንሰሩ እየተጠመዘዘ ይጫናል፣ ከሥሩ ያለው አየር ሁሉ ይወጣል። ጋሼ ግን እንቢ አሉ። «ኢፖክሲ ሲደርቅ ስሕተትህንም አብሮ ያደርቀዋል» አሉ። «ሴንሰሯ ነገ ብትበላሽ ይኼ ልጅ በምን ያነሣታል? በመዶሻ?» ስለዚህ ዘይት ያለበት ቤት ሠሩላት።

የጀልባዋ ሆድ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ድምፁ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች መውረድ አለበት። ቧንቧውን ያዘነበለው ወለል ላይ አቁመው፣ በመሀሉ ቱምቢ አንጠልጥለው፣ ቱምቢው መሀል ለመሀል እስኪሆን ድረስ የቧንቧውን ግርጌ በሴጌቶ በሰያፍ ቆረጡት። አንዴ ቆርጠው ለኩ፤ አልተስማማም። እንደገና ላጡት። ሦስተኛው ላይ ቱምቢው ቆመ። ወለሉን እስኪለሰልስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ በአሴቶን አጸዳሁት፤ እሳቸው ቧንቧውን በሲሊኮን ዙሪያውን ለስነው አቆሙት። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ ብለን ተውነው።

በማግስቱ ዘይቱን የማፈስሰው እኔ ነኝ። አሁን ይህን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉሎ ወፍራም ነው። ቸኮልኩና ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ ደፋሁት፤ ሴንሰሯንም ቀጥ አድርጌ ጠልቄ አስቀመጥኳት። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ቆይቶ 0.6 አለ፤ ደግሞ ጠፋ። ባለጀልባው ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ፊቱን እንዳናይ ይመስለኛል።

ጋሼ አልተቆጡም። «ና፣ ጎንበስ በል፤ በብርሃን እይ» አሉኝ። ስልኬን አብርቼ ወደ ቧንቧው አየሁ። ዘይቱ ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቁ አረፋዎች ተንጠልጥለዋል፤ አይወጡም፣ አይወርዱም። ሴንሰሯን ሳነሣት ደግሞ ከፊቷ ሥር አንድ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል አረፋ ተጣብቆ ወጣ። እኔ ነኝ ከአየር ጋር የቀበርኳት።

«ወፍራም ዘይት የዋጠውን አየር ቶሎ አይተፋም» አሉ። «ፀሐይ ትርዳን።» ክዳኑን ከፍተን ቁጭ አልን። ፀሐይ እየወጣች ስትሄድ ዘይቱ እየሞቀ ቀጠነ፤ አረፋዎቹም አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። እስከ ቀትር ፈጀ። በዓሣ ምሳ በላን፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ ተነሥተው አዩ። ዘይቱ እንደ ማር ጠርቶ የወለሉ የእርሳስ ምልክት ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ ሴንሰሯን በሰያፍ፣ በአንድ ጠርዟ ቀስ አድርገው እያስተኙ አስገቧት፤ ከሥሯ ያለው አየር በሌላው ጠርዝ ሾልኮ እንዲወጣ። ክዳኑን ገጠሙ። ኬብሉን ከሞተሩ ሽቦዎች አርቀው በሌላ ጎን ዘረጉት፤ የተረፈውን ሳይቆርጡ ጠቀለሉት። ፊውዝ አስገቡ። «አብራው» አሉ።

2.1።

በዚያ ሰዓት ነፋሱ ተነሥቶ ስለነበር መውጣት አልቻልንም፤ ለነገ አደርን። ጣና ጠዋት ይለምዳችኋል፣ ከሰዓት በኋላ ያስፈራራችኋል።

ሌሊቱን ጋሼ አልተኙም፤ ስለ ጣና ሲያወሩኝ አመሹ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ ቡድን ልከው ሐይቁን አስጠንተዋል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ፣ ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ግድም ነው፤ ባለ አምስት ፎቅ ቤት ብታቆሙበት ጣሪያው ሳይወጣ አይቀርም። ሻላን ብትሉ 266 ሜትር ነው። ወሎ ያለው ሐይቅና የቢሾፍቱ ሐይቅ እያንዳንዳቸው ከ80 ሜትር ያልፋሉ። «ታዲያ ጥልቁ አያሰጋም» አሉ ጋሼ። «ጥልቅ ውኃ ለጀልባ አልጋ ነው። የሚያሰጋው ጥልቅ የሚመስለው ነው።»

ጠዋት ስንወጣ አንድ ሽማግሌ አብረውን ተሳፈሩ። ዕድሜያቸውን በታንኳ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ደንገል አጭደው፣ አስረው፣ የራሳቸውን ታንኳ የሠሩ። ባለጀልባው «አባባ፣ ይምጡና ይፈትኑልን» ብሎ ለመናቸው። ከፊት ተቀምጠው ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ስክሪኑን አንዴ አዩት፤ ከዚያ አላዩትም።

«እዚህ አሸዋ ነው» ይሉናል። ጋሼ ስክሪኑን ያያሉ፤ የወለሉ መስመር ቀጭንና ደማቅ ነው፤ ከሥሩም ሁለተኛ መስመር ይታያል። ጠንካራ ወለል ድምፁን አሳምሮ ስለሚመልስ፣ ድምፁ ከውኃው ፊት ተገልብጦ ሁለተኛ ዙር ይወርዳል፤ ሁለተኛው መስመር እሱ ነው። ትንሽ ሄድን። «እዚህ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ዘንግ ይውጣል» አሉ ሽማግሌው። መስመሩ ሰፋ፣ ደበዘዘ፤ ሁለተኛው ጠፋ። ጋሼ ወደ ሽማግሌው ዞረው በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ፈተናዎች ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም፤ አንዱ በዘንግ የተማረውን ሌላው በድምፅ ያነብባል፣ ሁለቱም አንድ ቃል ይናገራሉ።

«ጭቃው ድሮ እዚህ አልነበረም» አሉ ሽማግሌው። «ርብም ጉማራም ግልገል ዓባይም በየክረምቱ አፈር ይዘው ይገባሉ። ውኃው ከላይ አንድ ነው፤ ሥሩ ነው የሚጠጋን።»

ከዚያ ባለጀልባው ሞተሩን ቀነሰ። የት እንደሚሄድ አልነገረንም፤ አላስፈለገምም። ስክሪኑ 5.2 ይላል። 5.0። 4.8። ጋሼ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ይኼን ያዝ፤ ይቺ መሣሪያ ከሥርህ ያለውን እንጂ ከፊትህ ያለውን አታይም። ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ነው የምትነግርህ። ስለዚህ በእርምጃ ሂድ።» ሽማግሌው ከፊት በዘንጋቸው ጠቆሙ፤ «ወደ ግራ፤ ትንሽ።» 4.1። 3.0። መስመሩ ስክሪኑ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ሽቅብ ወጣ። 1.9። 1.4።

ሞተሩን አጠፋው። ጀልባዋ ረጋች። ውኃው ምንም አይመስልም፤ ከሌላው ውኃ አይለይም። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ወደ ታች ላኩ፤ «ቋ» አለ።

«እሱ ነው» አለ ባለጀልባው።

ብዙ ቆየን። ሩቅ ዘጌ በኩል የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ባለጀልባው ከጎን ጎንበስ ብሎ እጁን ውኃው ውስጥ ከተተና አወጣው። ከዚያ ጋሼን «ይጻፉልኝ» አላቸው። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አንዲት ሰማያዊ ደብተር አወጡ፤ ከባሕር ኃይል ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሜትር ብለው ሦስት መስመር አሰመሩ። ጥር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ 1.4።

አዲስ አበባ ተመለስን። ሱቁን ከፈትን፤ ሞንታርቦው እየጠበቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ሐይቁ እጅግ በሚጎድልበት ጊዜ፣ ስልኬ ይጠራል። ባለጀልባው ድንጋዩ ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው፤ የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ ይሰማኛል። ሴንሰሯን እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣት፤ ዘይቱን ለመለወጥ። የጀልባዋ ሆድ አንድም ጠብታ አላስገባም።

ጋሼ ዛሬም ስታዲየም ናቸው፤ ግን አይጠግኑም። ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ባቡሩ ሲያልፍ ጣሳዎቹ ሲንቀጫቀጡ ያያሉ እንጂ አይሰሙም። በሰኔ ስልኩ ሲጠራ ግን ከፊቴ ያውቁታል፤ ደብተሯን ያወጣሉ፣ እርሳሱን ይልሳሉ፣ ይጠብቃሉ። እኔ ስልኩን እዘጋና ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ እጮኻለሁ፦

«ዜሮ ነጥብ ሰባት!»

ጥቂት ዝም ይላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይመልሱልኛል።

«ዜሮ ነጥብ ሰባት።»

ይጽፉታል።